በአር ሊስት ውስጥ በስም ማጣራት፦ ስሞቹ አማርኛ ሲሆኑ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አር (R) በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መሥራት የጀመሩ ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። ስም ያላቸው ነገሮች የያዘ ሊስት አለኝ፤ ከውስጡ የምፈልጋቸውን ብቻ በስማቸው እንዴት ላውጣ? መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በተለይ ስሞቹ አማርኛ ከሆኑ። አር የጠየቃችሁትን ስም ሲያጣ ብዙ ጊዜ ኤረር አይሰጥም። ዝም ይላል፤ እናንተም ሁሉ ነገር ደህና መስሏችሁ ትቀጥላላችሁ። ከዚህ በታች ያለው ጥያቄ ሁሉ በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ከዚህ ዝምታ ጋር የተያያዘ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። እዚህ ገጽ ላይ የአርን ትእዛዞች በድምፃቸው፣ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ኮምፒውተራችሁ ላይ ግን በላቲን ፊደል ነው የምትተይቧቸው። «ኔምስ» ስል ስሞችን የሚያወጣውን ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ ትእዛዝ) ማለቴ ነው። «ሲ» ነገሮችን በአንድ ላይ የምታሰባስበው ባለ አንድ ፊደሏ ፈንክሽን ናት። «ነል» ምንም የለም ማለት ነው። እኛ ያወጣናቸው የአማርኛ ስሞች ግን እንዳሉ ይገባሉ። አር ፊደላችንን ይቀበላል።

ምሳሌ የምናደርገው ሊስት የትኛው ነው?

አሥራ ሦስቱ ወሮቻችን። ስማቸውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አጻጻፋቸው ላይ ግን አንስማማም። ለዚህ ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ወራት <- ሊስት(መስከረም = 30, ጥቅምት = 30, ኅዳር = 30, ታኅሣሥ = 30, ጥር = 30, የካቲት = 30, መጋቢት = 30, ሚያዝያ = 30, ግንቦት = 30, ሰኔ = 30, ሐምሌ = 30, ነሐሴ = 30, ጳጉሜን = 5)

ከእኩልታው በስተግራ ያለው ስም ነው፤ በስተቀኝ ያለው የወሩ የቀን ብዛት። ሁሉንም ስትደምሩት 365 ይመጣል። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ወደ ኋላ እንፈልጋታለን።

ታዲያ የምፈልጋቸውን ወራት ብቻ በስም እንዴት ላውጣ?

ሁለት መንገድ አለ። የክረምት ወራት ያስፈልጉናል እንበል።

ክረምት <- ሲ("ነሐሴ", "ሰኔ", "ሐምሌ")

የመጀመሪያው መንገድ ስሞቹን በቀጥታ ካሬ ቅንፍ ውስጥ ማስገባት ነው።

ወራት[ክረምት]

ሁለተኛው የሊስቱን ስሞች አንድ በአንድ እያዩ «ይህ ስም ከፈለግኳቸው ውስጥ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ወራት[ኔምስ(ወራት) %ኢን% ክረምት]

ሁለቱም ሦስት ወር ይሰጧችኋል፤ ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እናንተ በጠራችሁበት ቅደም ተከተል ያወጣል፤ ነሐሴ ይቀድማል፣ ሰኔ ይከተላል፣ ሐምሌ መጨረሻ ይሆናል። ሁለተኛው የሊስቱን ተራ ይጠብቃል፤ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። ለግራፍ ወይም ለሠንጠረዥ ከሆነ የምትፈልጉት ይህ ልዩነት ለውጥ ያመጣል።

ሌላም ልዩነት አለ። የሌለ ስም ከጠራችሁ የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ይዞላችሁ ይመጣል፤ ሁለተኛው ጭራሽ ይዘለዋል። የትኛው ይሻላል? እኔ ለማጣራት ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከማጣራቱ በፊት ስሞቹ በእርግጥ መኖራቸውን አረጋግጬ ነው። እንዴት እንደማረጋግጥ ገጹ መጨረሻ ላይ አለ።

አንድ ቅንፍ፣ ሁለት ቅንፍ፣ ዶላር፦ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ሊስቱን እንደ መሶብ አስቡት። በአንድ ካሬ ቅንፍ ስትጠሩ ትንሽ መሶብ ነው የሚሰጣችሁ፤ ውስጡ አንድ ነገር ብቻ ቢኖርም መሶቡ አለ። በሁለት ካሬ ቅንፍ ስትጠሩ እንጀራው ራሱ እጃችሁ ላይ ይደርሳል።

ወራት["ሰኔ"] አንድ አባል ያለው ሊስት ነው።
ወራት[["ሰኔ"]] ደግሞ 30 ነው፤ ቁጥር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን በ2 ላባዛ ብትሉ ኤረር ይመጣል፤ ሊስት አይባዛምና። ሁለተኛው 60 ይሰጣል። የዶላር ምልክትም ($) እንደ ሁለት ቅንፍ እንጀራውን ነው የሚሰጠው፤ ነገር ግን የራሱ አመል አለው። ከጥቂት መስመር በኋላ እመጣበታለሁ።

ብዙ ነገር ለማጣራት የሚያገለግለው አንዱ ቅንፍ ብቻ ነው። ሁለቱ ቅንፍና ዶላር አንድ ነገር ለማውጣት ናቸው።

ስሙን ቫሪያብል (ዋጋ መያዣ) ውስጥ አስቀምጬ በዶላር ስጠራው ለምን ነል ይለኛል?

ወር <- "ሰኔ"
ወራት$ወር

ዶላር ከጎኑ የተጻፈውን ቃል ራሱን ነው ስም ብሎ የሚፈልገው። ቫሪያብሉን ከፍቶ ውስጡን አያይም። እዚህ ጋ «ወር» የሚባል ወር ፈለገ፤ አጣ፤ ነል አለ። በሁለት ካሬ ቅንፍ ወራት[[ወር]] ብላችሁ ጻፉ፤ 30 ይመጣል። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ደግሞ፣ ለምሳሌ «ነጭ ጤፍ»፣ ሁለቱ ቅንፍ ከትምህርተ ጥቅስ ጋር ያለ ችግር ይሠራል።

«ጳጉሜ» ብዬ ጠርቼ የ«ጳጉሜን» ዋጋ መጣልኝ። ጥሩ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ከሁሉም ጥያቄ ይህን ነው ረጋ ብላችሁ እንድታነቡልኝ የምፈልገው።

ሊስቱ ውስጥ ያለው ስም «ጳጉሜን» ነው። እናንተ ግን እንደ አብዛኛው ሰው «ጳጉሜ» ትላላችሁ።

ወራት$ጳጉሜ

አር 5 ይላል። ዶላር ሙሉውን ስም ሲያጣ የጻፋችሁትን እንደ መነሻ ወስዶ፣ በዚያ የሚጀምር አንድ ስም ብቻ ካገኘ እሱን ይሰጣችኋል። ወራት$መስ ብትሉም መስከረምን ይሰጣችኋል። ወራት$ጥ ብትሉ ግን ነል ነው፤ ጥቅምትና ጥር ሁለቱም በ«ጥ» ስለሚጀምሩ መምረጥ አይችልም። መምረጥ አቃተኝም አይልም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳት የሌለው ደግነት ይመስላል። አሁን የሆነብኝን ልንገራችሁ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። እኔም ሊስቱን ላስተካክል ብዬ እንዲህ ጻፍኩ።

ወራት$ጳጉሜ <- 6

ከዚያ ለማረጋገጥ ወራት$ጳጉሜ ብዬ ጠራሁ። 6 አለኝ። ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። ማታ የዓመቱን ቀን ስደምር 371 መጣ።

366 መሆን ነበረበት። አምስት ቀን ከየት መጣ? ሊስቱን ከላይ እስከ ታች ሳየው አሥራ አራት ወር አለው። «ጳጉሜን» ከነ5 ቀኗ ተቀምጣለች፤ ከሥሯ ደግሞ «ጳጉሜ» ከነ6 ቀኗ ተጨምራለች። ዶላር ሲያነብ በከፊል ስም ይስማማል፤ ሲጽፍ ግን አይስማማም። ሙሉው ስም ከሌለ አዲስ ይፈጥራል። ከተፈጠረ በኋላ ደግሞ «ጳጉሜ» ሙሉ ስም ስለሆነች ስትጠሯት በቀጥታ ትመጣለች፤ ስለዚህ ማረጋገጫዬ ራሱ ዋሸኝ። የቀን ድምር ስለሆነ ነው የታወቀብኝ። የዓመት ቀን ስንት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል። የዝናብ ወይም የሽያጭ ቁጥር ቢሆን ኖሮ 371ን የሚጠረጥር ሰው አይኖርም ነበር፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ይሄድ ነበር።

ሁለት ካሬ ቅንፍ ይህን አያደርግም። ወራት[["ጳጉሜ"]] ነል ይላል፤ ሙሉ ስሙን ካልሰጣችሁት አይቀበልም። አንዱ ቅንፍም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ስክሪፕት ስጽፍ ዶላር አልጠቀምም፤ ኮንሶል (ትእዛዝ በቀጥታ የሚተየብበት መስኮት) ላይ ለአፍታ ለማየት ብቻ ነው የምጠቀመው። ዶላር መተው የማይሆንላችሁ ከሆነ ከአር ኦፕሽኖች ውስጥ «ዋርን ፓርሻል ማች ዶላር» የሚባለውን ትሩ (አዎ) አድርጉት። ያኔ በከፊል ስም በተስማማ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይሰጣችኋል። እኔ አር ሲከፈት አብሮ እንዲበራ አድርጌዋለሁ።

የሌለ ስም ብጠይቅ አር በትክክል ምን ያደርጋል?

እንደ አጠራራችሁ ነው። «ሀምሌ» ብለን በሌላ ሀ እንጥራ። ሊስቱ ውስጥ ያለው «ሐምሌ» ስለሆነ ይህ ስም ለአር የለም።

ወራት[["ሀምሌ"]] ነል ይሰጣል።
ወራት["ሀምሌ"] አንድ አባል ያለው ሊስት ይሰጣል፤ የአባሉ ስም «ኤንኤ» (የጠፋ ዋጋ ምልክት) ነው፣ ውስጡ ነል ነው።
በ%ኢን% ካጣራችሁ ምንም አባል የሌለው ሊስት ይመጣል።

ሦስቱም ያለ ኤረር። አሁን ጉዳቱን እዩት።

ሰም(አንሊስት(ወራት[ሲ("ሰኔ", "ሀምሌ", "ነሐሴ")]))

«ሰም» ደማሪው ነው፤ «አንሊስት» ሊስቱን ወደ ተራ ቁጥሮች ይፈታዋል። 90 መሆን የነበረበት 60 ይላል። ነሉ አንሊስት ውስጥ ሲያልፍ እንደ ጉም ተንኖ ጠፋ።

ተራ ቬክተር (አንድ ዓይነት ዋጋዎች ብቻ የያዘ ረድፍ) ላይ ከሆነ ቢያንስ በሁለት ቅንፍ ስትጠሩ ኤረር ይጮኻል። ዳታ ፍሬም (ሠንጠረዥ) ላይም የሌለ ዓምድ በአንድ ቅንፍ ስትጠሩ የለም ብሎ ያቆማችኋል። ሊስት ነው ዝምተኛው።

ሐምሌ ሊስቱ ውስጥ አለ። ዓይኔ እያየው አር የለም ይለኛል። ለምን?

ይህ ጥያቄ የእኛ ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያ ላይ አታገኙትም።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሯችን አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በቁጥር የሚመዘግበው መመዘኛ) ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጥቷል፤ መሆን ያለበትም እንደዚያ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። አር ሁለት ስሞችን ሲያወዳድር ድምፅ አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያየው።

አሁን ወራቱን እዩ። ኅዳር፣ ህዳር፣ ሕዳር። ታኅሣሥ፣ ታህሳስ፣ ታሕሳስ፣ ታኅሳስ። ሐምሌ፣ ሀምሌ። ነሐሴ፣ ነሀሴ፣ ነሃሴ። ከተሞችም አሉ፤ ጎንደር፣ ጐንደር። አንድ ሰው ብቻውን የሞላው ፋይል ላይ ችግር ላይኖር ይችላል። ሦስት ሰው የሞላው ላይ ግን መኖሩ አይቀርም። አንድ ጊዜ ከተለያዩ ቅርንጫፎች የመጡ ፋይሎችን አንድ ላይ አድርጌ ወር በወር ሳጣራ የታኅሣሥ ቁጥር ከሌሎቹ በጣም አንሶ መጣ። ምክንያቱን ፍለጋ ግማሽ ቀን አጠፋሁ። አንደኛው ቅርንጫፍ «ታህሳስ» ብሎ ነበር የጻፈው፤ ሌላኛው «ታኅሳስ»። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ ሁሉም በልማዱ ነው የጻፈው።

መፍትሔው ለማወዳደር ብቻ የሚያገለግል አንድ ወጥ አጻጻፍ ማዘጋጀት ነው። «ካርቲአር» የሚባል ፈንክሽን አለ፤ አንዱን ፊደል በሌላው ይተካል። የመጀመሪያው ረድፍ የሚተካው ነው፣ ሁለተኛው ተተኪው፤ ሁለቱም 38 ፊደል አላቸው።

አንድ_ፊደል <- ፈንክሽን(ስም) ካርቲአር(
"ሃሐሑሒሓሔሕሖኀኁኂኃኄኅኆሠሡሢሣሤሥሦኣዐዑዒዓዔዕዖፀፁፂፃፄፅፆጐ",
"ሀሀሁሂሀሄህሆሀሁሂሀሄህሆሰሱሲሳሴስሶአአኡኢአኤእኦጸጹጺጻጼጽጾጎ",
ስም)

ከዚያ ስታጣሩ ሁለቱንም ወገን በዚህ ታሳልፋላችሁ።

ወራት[አንድ_ፊደል(ኔምስ(ወራት)) %ኢን% አንድ_ፊደል(ሲ("ሀምሌ", "ታህሳስ"))]

ሐምሌም ታኅሣሥም ይመጣሉ። ደግሞ አስተውሉ፤ ሲመጡ በራሳቸው አጻጻፍ ነው የሚመጡት። የሊስቱን ስሞች አልነካናቸውም። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ ዋናውን ስም አትለውጡ። «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፣ «ሰረቀ» ሌባ ያደረገው ነው፤ ግዕዙን የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ያነባል። ሰው በመረጠው ፊደል የጻፈውን ስም ለኮድ ምቾት ብለን የምንደመስስበት ምክንያት የለም። ወጥ የምናደርገው ለማወዳደር ብቻ ነው።

ይህ ሁሉንም አይፈታም። «ሚያዝያ» እና «ሚያዚያ» የተለያዩት በሳድስና በሣልስ ነው፤ «ጳጉሜ» እና «ጳጉሜን» በአንድ ፊደል። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ትንሽ የመተኪያ ሠንጠረዥ በእጅ መሥራት ነው የሚሻለው። «የተቀራረበውን ሁሉ ውሰድ» የሚሉ ፈንክሽኖች አሉ፤ እኔ ለስም አላምናቸውም። «ሰኔ» ባለ ሁለት ፊደል ስም ነው፤ አንድ ፊደል ቢቀየር ይቻላል ካላችሁት ብዙ ነገር ሊቀርበው ይችላል።

ፊደሉም ተመሳስሎ አሁንም ካልተገኘ ስሙ ላይ የተለጠፈ የማይታይ ክፍት ቦታ ጠርጥሩ። «ኤንካር» የፊደል ብዛት ይቆጥራል። ለ«ሰኔ» 2 ማለት አለበት። 3 ካለ የሆነ ነገር ተደብቋል። ተራ ክፍት ቦታ ከሆነ «ትሪም ደብሊው ኤስ» ከዳርና ዳር ይቆርጠዋል። ከዌብ ገጽ ወይም ከወርድ ተገልብጦ የመጣ የማይሰበር ክፍት ቦታ ከሆነ ግን በነባሪው አይነካውም፤ እሱን ለብቻው መተካት ያስፈልጋል።

ከእነዚህ በስተቀር ሌላውን ሁሉ ማለት ስፈልግስ?

ቃለ አጋኖ ከፊት አድርጉ።

ወራት[!(ኔምስ(ወራት) %ኢን% ክረምት)]

አሥር ወር ይቀራል። ስም ላይ የመቀነስ ምልክት ማድረግ አይቻልም፤ ኤረር ነው። ኤረሩን ለማምለጥ ብዙ ሰው «ዊች» ወደሚባለው ፈንክሽን ይሄዳል፤ የቦታ ቁጥር አውጥቶ እሱን ይቀንሳል።

ወራት[-ዊች(ኔምስ(ወራት) %ኢን% "ሀምሌ")]

ይህን አታድርጉ። «ሀምሌ» በዚህ ሀ የለም። ዊች ምንም ቁጥር አያወጣም፤ የምንም ነገር አሉታ ደግሞ ምንም ነው። አር ምንም አትምረጥ እንዳላችሁት ያስብና ባዶ ሊስት ይሰጣችኋል። የሌለ ወር ላስወጣ ብላችሁ አሥራ ሦስቱንም ታጣላችሁ። በቃለ አጋኖ ቢሆን አሥራ ሦስቱም በቦታቸው ይቆዩ ነበር።

ከሊስቱ ለዘለቄታው ለማጥፋት ከሆነ ነል መስጠት ይበቃል፤ ወራት[ክረምት] <- ነል።

ስሙን በከፊል ብቻ ባውቀውስ? ለምሳሌ በ«መ» የሚጀምሩትን?

ወራት[ስታርትስ_ዊዝ(ኔምስ(ወራት), "መ")]

መስከረምና መጋቢት ይመጣሉ። ስትተይቡት ሁለቱ ቃላት ይገጠማሉ፤ የታች ሰረዝ የለውም፣ ደብልዩው ካፒታል ነው። ወንድሙ «ኤንድስ ዊዝ» ከመጨረሻ ያያል፤ በ«ት» የሚያልቁትን ብትጠይቁት ጥቅምት፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ግንቦት ይሰጣችኋል።

መሃል ላይ ያለ ፊደል ከሆነ «ግሬፕል» ነው።

ወራት[ግሬፕል("ም", ኔምስ(ወራት))]

መስከረም፣ ጥቅምት፣ ሐምሌ። ሦስት ብቻ። መጋቢትስ? ሚያዝያስ? እዚህ ጋ ነው ፊደላችን ከላቲኑ የሚለየው። ላቲን ላይ «ም» የምትለዋን ድምፅ ስትፈልጉ አናባቢው ምንም ቢሆን ፊደሏ አንድ ናት። እኛ ጋ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም፣ ሞ ሰባት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቤተሰቡን በሙሉ ከፈለጋችሁ ቤተሰቡን በሙሉ ጻፉ።

ወራት[ግሬፕል("[መሙሚማሜምሞ]", ኔምስ(ወራት))]

አሁን ስድስት ናቸው፤ መጋቢት፣ ሚያዝያና ጳጉሜን ተጨመሩ። «ከመ እስከ ሞ» ብሎ በሰረዝ ማሳጠር ይቻላል፤ ሆኖም የአር መመሪያ ራሱ የፊደል ክልል እንደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ ሊለያይ ስለሚችል ባትጠቀሙበት ይሻላል ይላል። ሰባት ፊደል መጻፍ አያደክምም።

ነጥብም ተጠንቀቁ። በዚህ ፍለጋ ውስጥ ነጥብ «የትኛውም አንድ ፊደል» ማለት ነው። «ዓ.ም» ብላችሁ ስትፈልጉ «ዓለም» የሚል ስም ካለ እሱም ይመጣል። ፊክስድ የሚለውን ትሩ ስታደርጉት ነጥቡ ነጥብ ይሆናል።

«ፊልተር» የሚባል ፈንክሽን አለ አይደል? ለምን እሱን አልጠቀምም?

አለ፤ ግን ዋጋን እንጂ ስምን አያይም። ከ5 በላይ ቀን ያላቸውን ወራት ብትጠይቁት አሥራ ሁለቱን ይሰጣችኋል፤ ጳጉሜንን ይተዋል። በስም ለማጣራት አልተሠራም። ብዙ ሰው ስሙን አይቶ ይሄድበትና ይደናገራል።

«ፐር» የተባለውን ፓኬጅ (ለአር ተጨማሪ ፈንክሽኖች የያዘ ጥቅል) የምትጠቀሙ ከሆነ ከሥሪት 1.0.0 ጀምሮ «ኪፕ አት» እና «ዲስካርድ አት» አሉት። የመጀመሪያው የተጠሩትን ስሞች ያስቀራል፣ ሁለተኛው ያስወጣል። ለማንበብ ያምራሉ። ለዚህ ብቻ ብሎ ፓኬጅ መጫን ግን አያስፈልግም።

አንድ ስም ሁለት ጊዜ ቢኖርስ?

ሊስት ይህን አይከለክልም። በስም በቀጥታ ስትጠሩ የመጀመሪያው ብቻ ይመጣል፤ ሁለተኛው እንደሌለ ይታለፋል። በ%ኢን% ካጣራችሁ ሁለቱም ይመጣሉ። ድግግሞሽ መኖሩን «ኤኒ ዱፕሊኬትድ» በሚለው ፈንክሽን ኔምስ(ወራት)ን ሰጥታችሁ ጠይቁ፤ 0 ካለ የለም። ስሞቹን በአንድ_ፊደል ካሳለፋችሁ በኋላም ጠይቁት፤ «ኅዳር» እና «ህዳር» ለየብቻ ተቀምጠው ከሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

ሊስት ውስጥ ሊስት ካለኝስ? እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ወራት አለው።

ለእያንዳንዱ ከተማ ተመሳሳዩን ማጣሪያ «ኤል አፕላይ» ያደርግላችኋል።

ኤል_አፕላይ(ከተሞች, ፈንክሽን(ከ) ከ[ኔምስ(ከ) %ኢን% ክረምት])

ይህም ሲተየብ የተገጠመ አንድ ቃል ነው። ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ እንዳሉ ይቀመጣሉ፤ በየውስጣቸው የክረምት ወራት ብቻ ይቀራሉ። ከተማውንም በስም ማጣራት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ከውጭ አጣሩ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡ።

ዳታ ፍሬምም ከውስጥ ሊስት ነው፤ ዓምዶቹ አባላቱ ናቸው። እስካሁን ያልነው የ%ኢን% ማጣሪያ እንዳለ ይሠራበታል።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ስሞቹን በእንግሊዝኛ ባደርጋቸው አይሻልም?

ይህን ጥያቄ ስሰማ አዝናለሁ፤ ግን አመጣጡ ይገባኛል። ዊንዶውስ ላይ ከአር 4.2.0 በፊት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2022 በፊት፣ የአማርኛ ስም ብዙ ጊዜ በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ሆኖ ይታይ ነበር። በ«ጤ» ፈንታ 1324 የሚል ነገር ይመጣል። ያኔ ተስፋ የቆረጠ ሰው አልፈርድበትም። ከዚያ ወዲህ ግን አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አር በዩቲኤፍ 8 (የዩኒኮድ አጻጻፍ) ነው የሚሠራው፤ ሊኑክስና ማክ ላይ ደግሞ ቀድሞም ችግሩ ብዙም አልነበረም። አሮጌ አር ካላችሁ አሳድሱት።

ታኅሣሥን በላቲን ስንጽፍስ ችግሩ ይጠፋል? አንዱ ኤች ያስገባል፣ ሌላው ይተወዋል፣ ሦስተኛው ኤስ ይደርባል። ዲሴምበር ብሎ መተርጎም ደግሞ ስህተት ነው፤ ታኅሣሥ የሚጀምረው ዲሴምበር ከገባ ከዘጠኝ ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ነው። መረጃው በአማርኛ ከተሰበሰበ ስሙ በአማርኛ ይቆይ። ማጣሪያውን ነው ማስተካከል።

ስም ሲጠፋ አር ዝም እንዳይል ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፤ ስድስት መስመር ብቻ ነው። እኔ እያንዳንዱ ስክሪፕቴ አናት ላይ አለችኝ።

በስም <- ፈንክሽን(ሊስቱ, ስሞች) {
የጠፉ <- ሴትዲፍ(ስሞች, ኔምስ(ሊስቱ))
ኢፍ (ሌንግዝ(የጠፉ) > 0)
ስቶፕ("አልተገኙም፦ ", ፔስት(የጠፉ, ኮላፕስ = "፣ "))
ሊስቱ[ስሞች]
}

«ሴትዲፍ» ከመጀመሪያው ውስጥ ሁለተኛው ላይ የሌሉትን ያወጣል። «ሌንግዝ» ስንት እንደሆኑ ይቆጥራል። ከዜሮ በላይ ከሆኑ «ስቶፕ» ሥራውን አቁሞ የጠፉትን ስሞች ይዘረዝራል። ሁሉም ካሉ ማጣሪያው እንደ ወትሮው ይሄዳል።

በስም(ወራት, ሲ("ሰኔ", "ሀምሌ", "ጳጉሜ"))

60ም አይልም፣ 371ም አይልም። ቀይ ጽሑፍ ይመጣል፤ «አልተገኙም፦ ሀምሌ፣ ጳጉሜ»።